ፍቅር፣ አውሬውና ልብሱ

ፍቅር የቆሰለን መንፈስ ሊያድን ይችላልን? ይህ ጥያቄ ለሐኪሙና ለካህኑ ብቻ የተተወ አይደለም። ገጣሚውም፣ ጸሐፌ ተውኔቱም፣ በምድጃ ዳር ተረት የምትነግረው አሮጊትም ከጥንት ጀምረው ሲያወጡት ሲያወርዱት የኖሩት ጥያቄ ነው። ከሰጧቸው መልሶች መካከል በአያሌ ሕዝቦች ዘንድ ሥር የሰደደው አንዱ መልስ በአውሬ ቆዳ ተጠቅልሎ የመጣ ነው። አንድ ሰው በእርግማን፣ በተፈጥሮ ወይም በደረሰበት ግፍ ወደ አውሬነት ይለወጣል፤ ከልብ የሚያፈቅረው ሰው ሲያገኝ ደግሞ ሰውነቱ ይመለስለታል።

ይህ ጥንታዊ ጭብጥ በተረትነቱ ተወስኖ አልቀረም። ከሃያኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ወዲህ፣ በተለይም በሰሜን አሜሪካ፣ ሰው ወደ ተኩላ፣ ወደ ድብ ወይም ወደ ነብር የሚለወጥባቸው የፍቅር ልብ ወለዶች በገፍ ይታተማሉ። በብዙዎቹ ውስጥ ከሁለቱ አፍቃሪዎች ቢያንስ አንዱ ከባድ የመንፈስ ቁስል ተሸክሞ የመጣ ነው። ድብደባ፣ መደፈር፣ ምርኮ ወይም የወገን ክህደት ደርሶበታል። መጽሐፉ ሲዘጋ ግን ቁስሉ ጠግጎ፣ ፍርሃቱም በፍቅር ተሸንፎ ይገኛል። የሥነ ጽሑፍ ሐያሲዎች እንዲህ ያለውን ሥራ የጊዜ ማሳለፊያ ነው ብለው ሊያልፉት ይወዳሉ። ነገር ግን ሚሊዮኖች በተለይም ሴቶች በፈቃዳቸው የሚያነቡት ጽሑፍ የሚመልስላቸው አንድ ጥያቄ እንዳለ መገመት ተገቢ ነው። ንቀት ጥያቄውን አይመልሰውም።

እኔ በበኩሌ የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። ፍቅር ቁስልን የሚያድነው በብርታቱ አይደለም። የሚያድነው ለተጎዳው ሰው እምቢ የማለት ሥልጣኑን ሲያከብርለትና የተነጠቀውን ሲመልስለት ነው። ይህን ያላሟላ ፍቅር ምንም ያህል ቢግል ቁስሉን ይሸፍነው ይሆናል እንጂ አያደርቀውም። ቁስሉም የአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን የኅብረተሰብ ሥራ በሆነ ጊዜ የሁለት ሰዎች ፍቅር ብቻውን አይበቃም።

ከሁሉ አስቀድሞ «ውቢቱና አውሬው» የተባለውን የፈረንሳይ ተረት እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1740 ረዘም አድርጋ በጽሑፍ ያወጣችው ማዳም ደ ቪልኔቭ ስትሆን፣ ዛሬ በዓለም የሚታወቀውን አጭር ቅርፅ የሰጠችው ደግሞ ለፕራንስ ደ ቦሞን ናት። ቦሞን ለንደን ውስጥ የባለጠጎችን ልጆች ታስተምር ነበር፤ ተረቱንም እ.ኤ.አ. በ1756 ባሳተመችው የልጆች ማስተማሪያ መጽሐፍ ውስጥ አስገባችው። በዚያን ዘመን በዚያ መደብ የተወለደች ልጃገረድ በወላጆቿ ስምምነት ለማታውቀው ሰው መዳሯ የተለመደ ነበር። ስለዚህም አያሌ ተመራማሪዎች ተረቱን ለሙሽሮች የተዘጋጀ ማጽናኛ አድርገው ተርጉመውታል፤ «ታገሺ፤ ዛሬ አውሬ የመሰለሽ ነገ ሰው ይሆንልሻል» እንደ ማለት ነው።

ይህ ዓይነቱ ምክር ለእኛም እንግዳ አይደለም። በሀገራችን በሰፊው የሚነገረውን የአንበሳ ፀጉር ተረት የማያውቅ አንባቢ ጥቂት ነው። በቤቷ ሰላም ያጣች ሴት መድኃኒት ፍለጋ ወደ አንድ አዋቂ ሽማግሌ ዘንድ ትሄዳለች። ሽማግሌውም በሕይወት ካለ አንበሳ ፀጉር ነቅላ እንድታመጣ ያዛታል። ሴቲቱ በየቀኑ ሥጋ እያቀረበች፣ በየቀኑም አንድ እርምጃ እየተጠጋች አንበሳውን ታለምደውና ፀጉሩን ታመጣለች። «አንበሳን እንዲህ ካለመድሽ፣ የቤትሽንም ሰው እንዲሁ አድርጊ» ትባላለች። ልብ ልንለው የሚገባው፣ አንዳንዱ ተራኪ «የቤትሽ ሰው» የሚለው ባሏን ሲሆን ሌላው ግን እናቱ የሞተችበትን የእንጀራ ልጇን መሆኑ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም። እናቱን የቀበረው ሕፃን የቆሰለ ነው፤ የእንጀራ እናቱ ትዕግሥት መድኃኒት ይሆነዋል። ሚስቱን የሚደበድብ ባል ግን የሚጠበቅበት መለመድ ሳይሆን እጁን መሰብሰብ ነው። ለመጀመሪያው የተነገረው ምክር ለሁለተኛው ሲነገር ቁልፍነቱ ቀርቶ ጋን ውስጥ የሚዘጋ ክዳን ይሆናል።

ይሁን እንጂ የቦሞንን ተረት ከዚህ ክስ የሚታደገው አንድ ነገር በውስጡ አለ። አውሬው በየምሽቱ በእራት ሰዓት ይመጣና ታገባው እንደሆነ ይጠይቃታል። እርስዋም እምቢ ትለዋለች። ይህ ለሦስት ወር ይቀጥላል። እምቢታዋ ምግብ አያስቀንስባትም፤ በር አያስቆልፍባትም፤ ቁጣም አያመጣባትም። አባቷን ልታይ በጠየቀች ጊዜ ደግሞ የመሄድ ፈቃድ ታገኛለች። አውሬው መለወጥ የጀመረው በመጨረሻው ገጽ ላይ ቆዳው ሲወልቅ ሳይሆን፣ የመጀመሪያዋን እምቢታ ሰምቶ ዝም ብሎ ከክፍሉ በወጣባት ማታ ነው ብዬ አምናለሁ። ከእምቢታ የተረፈች «እሺ» ብቻ ናት ፍቅር ልትባል የምትችለው።

እዚህ ላይ የዛሬዎቹን ልብ ወለዶች በዚህ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። በብዙዎቹ ዘንድ የተኩላው ሰው አጣማጁን አይመርጣትም፤ ባያት ቅጽበት ዕጣ ፈንታው እርስዋ መሆኗን ያውቃል። ስቴፈኒ ሜየር እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ያሳተሙት ዝነኛ ተከታታይ ልብ ወለድ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው ሦስተኛው መጽሐፍ ውስጥ የሳምና የኤሚሊ ታሪክ ይተረካል። ሳም ተኩላ የሚሆን ወጣት ነው። ኤሚሊን ባያት ጊዜ በዕጣው ኃይል ይያዛል። እርስዋ ግን ትቃወመዋለች። በንዴት ራሱን መግዛት ባቃተው ቅጽበት ተኩላ ይሆንና ፊቷን በጥፍሩ ይቧጥጠዋል፤ ጠባሳው ዕድሜ ልኳን አይለቃትም። ከዚያ በኋላ በጸጸት የሚንገበገበውን ሳምን ማጽናናት የጀመረችው ራስዋ ኤሚሊ ናት፤ ፍቅራቸውም ከዚያ ማጽናናት ይወለዳል።

ይህን ታሪክ በቸልታ ማለፍ አይቻልም። የቆሰለችው አጽናኝ፣ ያቆሰለው ተጽናኝ ሆኗል። እምቢታዋም ዋጋ ተከፍሎበታል፤ የከፈለችው ግን እርስዋው ናት። ደራሲዋ የሳምን ጸጸት እውነተኛ አድርገው አሳይተውናል፤ ይህን አልክድም። ጥያቄዬ የጸጸቱን እውነተኛነት አይመለከትም። ዕጣ ፈንታ ወሳኝ በሆነበት ዓለም ውስጥ የኤሚሊ «እሺ» ከምን ተለይቶ ይታወቃል? እምቢ ለማለት ሞክራ ፊቷን ያጣች ሴት እሺ ብትል፣ አንባቢው ያን ቃል በምን ሚዛን ይመዝነዋል?

የእነዚህ ልብ ወለዶች ጠበቆች «ይህ የተኩላ ባሕርይ ነው፤ በተኩላ መንጋ ውስጥ ኃያሉ ይገዛል» ይሉ ይሆናል። ሳይንሱ ግን ይህን አይደግፍም። የመንጋው አለቃ ሌሎቹን በጉልበት ያንበረክካል የሚለው አስተሳሰብ ከተስፋፋባቸው ምንጮች አንዱ ሩዶልፍ ሼንክል እ.ኤ.አ. በ1947 ያሳተመው ጥናት ነው፤ የተመለከታቸው ተኩላዎች ደግሞ በስዊዘርላንድ በባዝል ከተማ የእንስሳት ማቆያ ውስጥ የታጠሩ ነበሩ። አሜሪካዊው የተኩላ ተመራማሪ ዴቪድ ሚች እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህንኑ ሐሳብ አሰራጭተው ነበር። ነገር ግን ነፃ ተኩላዎችን ለብዙ ዓመታት ከተከታተሉ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጽሑፍ በዱር የሚኖር መንጋ አብዛኛውን ጊዜ አባት፣ እናትና ልጆች ያሉበት ቤተሰብ መሆኑን አስረዱ። እንግዲህ በልብ ወለዶቹ ውስጥ የምናደንቀው ጨካኝ አለቃ የዱር አራዊት ልጅ አይደለም፤ በአጥር ውስጥ የተፋፈጉ እስረኞች አምሳያ ነው። ኃይልን የፍቅር ተፈጥሯዊ መልክ አድርጎ የሚያቀርብ የጥበብ ሰው ከየትኛው ተኩላ እንደ ቀዳ ራሱን ሊጠይቅ ይገባዋል።

ሁሉም ሥራ በዚህ ጎዳና ተጉዟል ማለት ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ፓትሪሺያ ብሪግስ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት «ክራይ ውልፍ» በተባለ ልብ ወለድ ውስጥ አና የተባለች ወጣት ትገኛለች። ያለ ፈቃዷ ተኩላ የተደረገች፣ በቺካጎ ባለው መንጋ ውስጥም ለሦስት ዓመታት ግፍ የተፈጸመባት ናት። ቻርልስ የተባለውን ሰው ስታገኝ የሁለቱም የተኩላ ባሕርይ ወዲያውኑ ይዋደዳል። ደራሲዋ ግን ታሪኩን እዚያ አይጨርሱትም። ተኩላዎቹ ቢስማሙም ሰዎቹ ገና አልተስማሙምና። አና የሚነካት እጅ ያስደነግጣታል፤ ቻርልስም የራሱን ኃይል እየገታ መጠበቅን ይማራል። የመጽሐፉ ጥንካሬ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ደመ ነፍስ በቅጽበት የወሰነውን ሰው በዝግታ እንዲያጸድቀው ጊዜ ተሰጥቶታል።

ይህ ሥነ ጽሑፋዊ ግምት ብቻ አይደለም። የመንፈስ ቁስል በሕክምናው ዓለም ራሱን የቻለ ስም ያገኘው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣው የበሽታዎች መለያ መጽሐፍ ነው። ለዚህም ከቬትናም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ትግል ከፍተኛ ድርሻ ነበረው። ከዚያም የሥነ አእምሮ ሐኪሟ ጁዲት ኸርማን እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት መጽሐፍ ከጦር ሜዳ የመጣውንና በቤት ውስጥ የተፈጸመባትን ሴት ቁስል ጎን ለጎን አስቀምጠው መረመሩ። የማገገምን ጉዞም በሦስት ደረጃዎች ከፈሉት። መጀመሪያ ደኅንነትን ማግኘት፣ ቀጥሎ የደረሰውን ማስታወስና ማዘን፣ በመጨረሻም ከሰው ጋር እንደገና መገናኘት ነው። ኸርማን ቁስሉ ሰውን ከሰው የሚነጥል በመሆኑ ፈውሱም ያለ ሰው እንደማይገኝ ያስረዳሉ። በዚያው ልክ ግን የፈውሱ ባለቤትና ወሳኝ ራስዋ የተጎዳችው መሆን እንዳለባት፣ ለመልካምዋ ተብሎም ቢሆን ሥልጣኗን የሚወስድባት ርዳታ እንደማያድናት ያስጠነቅቃሉ። ሌሎች ሊደግፏት፣ ሊያፈቅሯት ይችላሉ፤ ሊድኑላት ግን አይችሉም።

ይህን እውነት ከስምንት መቶ ዓመታት በፊት በግጥም ያየች አንዲት ሴት ነበረች። ማሪ ደ ፍራንስ በዐሥራ ሁለተኛው ክፍለ ዘመን በፈረንሳይኛ ከጻፈቻቸው ተራኪ ግጥሞች አንዱ «ቢስክላቭሬ» ይባላል። አንድ ባላባት በየሳምንቱ ሦስት ቀን ተኩላ ይሆናል። ወደ ሰውነቱ የሚመልሰው ደብቆ የሚያስቀምጠው ልብሱ ነው። ሚስቱ ምስጢሩን አውጣጥታ ከሰማች በኋላ በፍርሃት ትዋጣለች፤ ሲወዳት የኖረውን ሌላ ባላባት ልካ ልብሱን ታሰርቀዋለች። ሰውየውም ተኩላ ሆኖ ይቀራል። አንድ ቀን ንጉሡ ለአደን ሲወጣ ተኩላው ቀርቦ እግሩን ይስመዋል። ንጉሡም በአውሬው ውስጥ የሰው ልብ እንዳለ ተረድቶ ወደ ቤተ መንግሥቱ ይወስደዋል።

የግጥሙ ታላቅ ቅጽበት በመጨረሻው ላይ ነው። ልብሱ ተገኝቶ በፊቱ ሲቀመጥ ተኩላው ዞር ብሎ እንኳ አያየውም። አንድ ብልህ አማካሪ ለንጉሡ ምክንያቱን ያስረዳዋል፤ በሰው ፊት መለወጥ ያሳፍረዋል። ስለዚህ ከነልብሱ ወደ እልፍኝ ያስገቡትና በሩን ዘግተው ይተዉታል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሲገቡ ባላባቱን በንጉሡ አልጋ ላይ ተኝቶ ያገኙታል።

ንጉሡ ተኩላውን አልሳመውም፤ አልለወጠውምም። ያደረገው ነገር ሦስት ነው፤ ሰውነቱን አወቀለት፣ የተሰረቀበትን አስመለሰለት፣ በሩንም ዘጋለት። ልብሱን የለበሰው ራሱ ቁስለኛው ነው። በእርግጥ ይህ ግጥም ነውርም አለበት። እውነቱ የወጣው ሚስቲቱ ተሠቃይታ ነው፤ ተኩላውም አፍንጫዋን ነክሶ ቆርጦታል፤ የእርስዋን ፍርሃትም በአግባቡ የሚጠይቅላት አልተገኘም። የአንዱ ፈውስ በሌላዋ ሥቃይ መገዛቱን ከግጥሙ ልንወርስ አይገባም። የልብሱንና የበሩን ነገር ግን ልንወስድ እንችላለን።

«ልብሱን የሰረቀው ማነው?» የሚለው ጥያቄ ደግሞ ወደ ራሳችን ደጃፍ ያደርሰናል። በእኛም ሀገር ሰው ወደ አውሬ ይለወጣል ተብሎ ተተርኳል፤ ነገር ግን የተተረከው የፍቅር ታሪክ ሆኖ አይደለም። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂው፣ እንዲሁም የቤተ እስራኤል ወገን «ቡዳ ነው፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል፤ መቃብር ይቆፍራል» ተብሎ ተወራበት። ጆሮው ላይ ጉትቻ የተገኘበት ጅብ ታየ እየተባለ ለልጆች ተነገረ። ገበሬው ቀጥቃጩ በሠራው ማረሻ አርሶ፣ ሚስቱም ሸክላ ሠሪዋ በሠራችው ምጣድ ጋግራ ይበሉ ነበር፤ ልጃቸውን ለልጃቸው መዳር ግን የማይታሰብ ነበር። ተመራማሪዋ ሀጋር ሳላሞን ወደ እስራኤል የሄዱትን ቤተ እስራኤላውያን አነጋግረው እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተሙት መጽሐፍ ርዕሱ «የጅብ ሰዎች» የሚል ነው። ስሙ ከሀገር ወጥቶ ባሕር ተሻግሮም አልለቀቃቸውም ማለት ነው።

እነዚህ ሰዎች ምንም ዓይነት ለውጥ አልተለወጡም። ተኩላም፣ ጅብም አልሆኑም። ልብሳቸው ግን ተሰርቋል፤ ሌባውም አንድ ባላባት ሳይሆን መንደሩ በሙሉ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለ እጅን በሥራው መስደብን ከለከሉ። በ1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅም በጉልበቱ ማረስ ለሚፈልግ ሰው ሁሉ መሬት እንዲሰጥ ደነገገ። እነዚህ የተነጠቀን ልብስ ከመመለስ ይቆጠራሉ። ይሁን እንጂ እምነቱ ዛሬም ከአንዳንድ አካባቢ ፈጽሞ አልጠፋም። ሕግ ልብሱን ከደጃፍ ያደርሳል፤ ከሸክላ ሠሪዋ እጅ ተቀብሎ የሚጎርስ ጎረቤት ግን በአዋጅ አይገኝም።

የገበሬው ልጅ የሸክላ ሠሪዋን ልጅ አፈቀረ እንበል። ፍቅሩ እውነተኛ ነው፤ ወላጆቹን ተጋፍቶም ያገባታል። ይህ ፍቅር አንድ ቤት ይሰጣታል። ውኃ ስትቀዳ ሴቶቹ ልጆቻቸውን በነጠላቸው ከዓይኗ ቢሸፍኑ፣ በማኅበር ቀን የእርስዋ ጠላ ሳይቀመስ ቢመለስ፣ ባሏ ማታ ማታ የሚጠግነውን መንደሩ ጧት ጧት ይቀደዋል። ባሏን ታላቅ ፈዋሽ አድርጎ የሚያሳይ ተውኔት እንግዲህ ግማሹን ውሸት ይናገራል። ያን ባል እንደ ከንቱ የሚቆጥር ተውኔትም ሌላውን ግማሽ ይዋሻል፤ ምክንያቱም ያቺ ሴት የውኃውን ዳር ንቀት ተቋቁማ ቀና ብላ እንድትመለስ ያደረጋት፣ ማታ በሯን ዘግታ ሳትፈራ የምትተኛበት ቤት መኖሩ ነው።

ስለዚህ ለመድረክም ሆነ ለመጽሐፍ የምንጽፍ ሰዎች እንዲህ ያለውን ታሪክ ስናነሳ በመጨረሻው ገቢር ላይ ጥንቃቄ ያስፈልገናል። «አውሬ» የተባለችው ሴት በፍቅር ታጥባ «እንደ እኛ ሰው» ሆና እንድትወጣ የምናደርግ ከሆነ፣ አስቀድሞ ሰው አልነበረችም የሚለውን ሐሜት በጭብጨባ አጸደቅነው ማለት ነው። መለወጥ ያለባቸው ነጠላቸውን የሚስቡት ሴቶችና ጠላውን የሚመልሰው ማኅበርተኛ ናቸው፤ ተመልካቹም ለውጡን በእነርሱ ላይ ሊያየው ይገባል። መምህራን በየትምህርት ቤቱ የቡዳን ተረት ሲያስተምሩ ተረቱ ማንን እንደ ጎዳ ጨምረው ቢያስተምሩ፣ የባህል ሠራተኞችም ተረቱን ከነጋሪዎቹ ብቻ ሳይሆን ከተነገረባቸው ከቀጥቃጮቹና ከሸክላ ሠሪዎቹ አፍ ቢሰበስቡ፣ ለቀጣዩ ጸሐፌ ተውኔት ከተኩላው ተረት ሁሉ የበለጠ ጽሑፍ ይዘጋጅለታል። ሲሰበስቡ ግን የንጉሡን አማካሪ ያስታውሱ፤ መናገር የማይፈልገውን ሰው አያስገድዱት፤ እርሱ እስኪጠራቸው በሩ ላይ ይጠብቁ።